በወረንጦ ያወጣሁት ኮከብ

የልጅ ልጄ ማህሌት እዚሁ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ትማራለች። ቅዳሜና እሁድ እኔ ቤት ትመጣለች፤ አንድም ልብሷን ልታጥብ፣ አንድም ሽሮዬን ልትበላ፣ አንድም ኢንተርኔቱ በእኔ ሰፈር ይሻላል ብላ። ናፍቄያት ነው የምትመጣው ብዬ ራሴን አልሸነግልም፤ ግን መምጣቷን እወደዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ስትተክዝ አየኋትና፣ "ምነው፣ ማን አስቀየመሽ?" አልኳት።

"ማንም። አንድ ነጥብ ነው" አለችኝ።

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ግራጫ መደብ ላይ የተበተኑ ነጫጭ ነጥቦች ይታያሉ። አራት ፎቶ ነው፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። የውጭ አገር የኮከብ ተመራማሪዎች በቴሌስኮፕ ያነሱትን ፎቶ ለበጎ ፈቃደኞች ይልካሉ አለችኝ። እሷና ጓደኞቿ ደግሞ ካሉበት ከማይነቃነቁት ከዋክብት መሃል የሚንቀሳቀስ ነጥብ ይፈልጋሉ። የሚንቀሳቀሰው ፀሐይን የሚዞር አለት ነው፤ አስትሮይድ ይሉታል። እሷ አንድ አግኝታለች፤ ሪፖርቱን ለመላክ ግን ፈርታለች።

"ባይሆንስ? የካሜራ አቧራ ቢሆንስ? ልጆቹ ይስቁብኛል፣ እማማ።"

እኔ መሳቅ የጀመርኩት ያኔ ነው። ልጅቷ ተቀየመች። "በእኔ የተሳቀውን ያህል አይሳቅብሽም" አልኳትና፣ ለእናቷ እንኳ በወጉ ነግሬያት የማላውቀውን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ አጫወትኳት።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። አባቴ ሲሞት ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ገባሁ። ሥራዬ ፍተሻ ነበር። ተሠርቶ ያለቀው ብርድ ልብስ በትልቅ መስኮት ፊት ለፊት፣ በሰፊ ገበታ ላይ ይዘረጋል። እኛ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ቆመን ጭጎጎቱን፣ ገለባውንና ቋጠሮውን በወረንጦ እየነቀልን እናወጣለን። የመንዝ በግ በጸጉሩ ተሸክሞት የማይመጣ ነገር የለም፤ ሱፉ ቢታጠብም ቢበጠርም አንድ ሁለት ጭጎጎት ሁልጊዜ ተደብቆ ያልፋል። ብርድ ልብሱን የገዛው ሰው ሌሊት ሲገላበጥ ይወጋዋል፤ የሚረግመውም እኛን ነው። መኩራራት አይሁንብኝና በፋብሪካው እንደ እኔ ያለ ዓይን አልነበረም። አለቃችን እንኳ ሸሚዙን ቀይሮ ሲመጣ በፊቴ ላለማለፍ ዞሮ ይሄድ ነበር፤ ክሩ የላላ ቁልፍ ሳይ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

አንድ ቀን መምህር ጌታነህ የሚባሉ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ብርድ ልብስ ሊገዙ መጡ። ከሶሻሊስት አገሮች በአንዱ ተምረው የተመለሱ፣ ቀጭን፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ነበሩ። አንዱን ብርድ ልብስ መርጠው በር ላይ ሲያገላብጡ ከገበታዬ ሆኜ አየሁ።

"ጋሼ፣ ያንን ይተዉት፤ ጥጉ ላይ ጭጎጎት አለበት" አልኳቸው።

ፈለጉት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። አላገኙትም። ሄጄ በጣቴ ነካሁላቸው፤ የጤፍ ፍሬ ብታህል ነው።

"ከዚያ ሆነሽ ይህችን አየሻት?"

"ሥራዬ ነው።"

ብርድ ልብሱን ትተው እኔን ያዩኝ ጀመር። እኔም ሌላ ነገር ጠርጥሬ ፊቴን አጠቆርኩ፤ በሃያ ዓመቴ መነጽር ያደረገ ወንድ ሁሉ ሊያጨኝ የመጣ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን፣ "ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት፣ ላብራቶሪ መምጣት ትችያለሽ? እንደ አንቺ የሚያይ ጓደኛ ካለሽ ይዘሽ ነይ" አሉኝ። ጓደኛ ይዘሽ ነይ የሚል አጭበርባሪ አላጋጠመኝምና እሺ አልኩ።

ይዤ የሄድኩት ፋጡማን ነው። ፋጡማ ከአንኮበር በታች ባለችው ቆላ፣ በአልዩ አምባ፣ በርበሬ የሚነግዱ ሰው ልጅ ናት፤ በገበታው ማዶ ትይዩዬ ነበር የምትቆመው። ዓይኗ ከእኔ ትንሽ ያንሳል፤ አንደበቷ ግን በጣም ይበልጣል።

መምህር ጌታነህ ነገሩን በቀላሉ አስረዱን። ያስተማሯቸው ሽማግሌ ፕሮፌሰር ትልቅ ቴሌስኮፕ ባለበት ጣቢያ ይሠራሉ። ሰማዩን በፊልም ፋንታ በመስታወት ሰሌዳ ላይ ፎቶ ያነሳሉ፤ ፎቶው ግን በጣም ብዙ ነው፣ አይቶ የሚጨርሰው ዓይን የለም። ስለዚህ በወረቀት አሳትመው በየአገሩ ላሉ ወዳጆቻቸው በፖስታ በውሰት ይልካሉ፤ ወዳጆቹም በትርፍ ጊዜያቸው አይተው ያገኙትን ከነፎቶው ይመልሳሉ። መምህሩ በመጀመሪያ ሥራውን ለተማሪዎቻቸው ሰጥተው ነበር። ተማሪዎቹ ሁለት ቅዳሜ ሞክረው ለኳስ ሄዱ።

ወረቀቶቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው። ያው አንድ የሰማይ ክፍል በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ፣ ሰዓታት ተራርቆ የተነሳ ነው። ሲታተም ደግሞ ቀለሙ ተገልብጦ ሰማዩ ነጭ፣ ከዋክብቱ ጥቁር ሆነዋል። ፋጡማ አየችውና፣ "ወላሂ፣ ይሄማ ቁንጫ የፈሰሰበት አንሶላ ነው" አለች። ሁለቱን ወረቀት ደራርበን፣ የላዩን እንደ መጽሐፍ ገጽ ከፍ ዝቅ እያደረግን እናስተያያለን።

"አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ የሌለውን ነጥብ ለይታችሁ አውጡ" አሉን መምህሩ። ቃል በቃል ያሉት ይህንኑ ነው፤ ፋጡማ እስከ ዛሬ ምስክሬ ናት። ለተማረ ሰው ለይቶ ማውጣት ማለት ማወቅ ነው። በእኛ ገበታ ግን ለይቶ ማውጣት ማለት በወረንጦ ይዞ መንቀል ነው። በአንድ ከተማ እየኖርን የላብራቶሪውና የፋብሪካው አማርኛ የተለያየ መሆኑን ያን ቀን ማንም ልብ አላለም።

ሥራው የተጀመረው በጥቅምት፣ የባቄላ እሸት በደረሰበት ሰሞን ነው። እሸቱን በር ላይ ቆመን በልተን፣ እጃችንን በሳሙና ታጥበን እንገባለን። የደብረ ብርሃን ንፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጣታችንን ያደነዝዘው ነበር። ፋጡማ ከቆላ የመጣ ሎሚ በኪሷ ይዛ ትመጣለች፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለን እንልሰዋለን። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ ያገኘነው የዝንብ ኩስ፣ የማተሚያ ቤት አቧራና አንድ ጊዜ የመምህሩን የገዛ ጸጉር ነው። አንድ የቀበሌ ሹም መጥቶ ወረቀቱን ገለባበጠና፣ "ይህ የየት አገር ካርታ ነው?" ብሎ ጠየቀ። መምህሩ "የሰማይ" ሲሉት ትንሽ አሰበና ሄደ።

እኔ ግን ቅዳሜን ከሠርግ ቀን አብልጬ እጠብቅ ነበር። መምህሩ ወንበራችን ላይ ስንቀመጥ በክፍል ወግ ስማችንን ይጠሩ ነበር፤ "አስካለ" ሲሉ "አቤት" እላለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ስሜን ከወረቀት ላይ አይቶ የጠራኝ አልነበረም። ከዚያ ክፍል ዳግመኛ መውጣት አልፈለግሁም፤ በዚያ ዕድሜዬ ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረኝም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚያ የጥር ቅዳሜ መጣ። ከሥራ ወጥቼ ሽርጤን ሳላወልቅ ነበር የሄድኩት፤ ወረንጦዬም ኪሴ ውስጥ ነበረች። አንዱን ጥንድ ሳገላብጥ ሁለተኛው ወረቀት ላይ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ አየሁ። መጀመሪያው ላይ ቦታዋ ባዶ ነው። እንደገና አየሁ፤ ባዶ ነው። ልቤ ዘለለ። መምህሩ ያሉት ትዝ አለኝ፤ እጄም ልቤን አልጠበቀም። ወረንጦዬን አውጥቼ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ አንድም ጊዜ ሳልስት ነቀልኳት።

"መምህር፣ አውጥቻለሁ" አልኩ።

ወንበራቸውን ገፍተው መጡ። "ጎበዝ። የታለ?"

"ወጣ እኮ።"

"የት ወጣ?"

ወረንጦዬን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

መምህር ጌታነህ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስደው አዩት። ነጥቡ የነበረበት ቦታ ተልጦ ሻካራ ጭረት ብቻ ቀርቷል። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው ተቀመጡና፣ "አንድ ጭረት ሳይነካው እመልሳለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር" አሉ። ከዚያም በለዘበ ድምፅ፣ "አንቺ አታስቢ፣ መንገድ ላይ ተጎድቶ ደረሰን ብዬ እጽፋለሁ። እስካስጠራችሁ ድረስ ግን ቅዳሜ ባትመጡ ይሻላል" አሉን። ጥንዱን በክላሰር ይዘው ያኑ ዕለት እናታቸውን ሊጠይቁ ወደ አንኮበር ሄዱ።

በር ላይ እንባዬን ስጠርግ ፋጡማ ክንዴን ያዘችኝ። "ቆይ እስቲ" አለች። "ጉድፍ ቢሆን እፍ ሲሉት ይበር ነበር። አንቺ ግን ወረቀቱን ነው የላጥሽው። ነጥቡ ወረቀቱ ላይ አልነበረም፣ ወረቀቱ ውስጥ ነው የነበረው፤ ከፎቶው ጋር አብሮ የታተመ ነው።"

እንባዬ ቆመ። እንግዲያ ያ ነገር ሰማይ ላይ የነበረ ነገር ነው። ሦስት ወር የፈለግነውን አግኝቼዋለሁ ማለት ነው። ሰውየው ደግሞ ሊያዝንልኝ ብሎ፣ መንገድ ላይ ተጎዳ ብሎ ብቻ ሊጽፍ ነው። ደብዳቤው ሰኞ ፖስታ ቤት ይገባል።

በማግስቱ እሁድ የቀበሌ ሴቶች ማኅበር ስብሰባ ነበረብኝ። "አሟታል በሉልኝ" ብዬ፣ የፋጡማ አባት በርበሬ የሚያመላልሱበት ኤንትሬ የጭነት መኪና በአንኮበር በኩል ባዶውን ሲመለስ ከፋጡማ ጋር ከኋላ ተሳፈርኩ። ጧቱ ውርጭ ነበር፤ የገብስ ቃርሚያው ሁሉ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ነው፤ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ቆሎ ለመብላት ሞክረን ግማሹን ለመኪናው ሰጠነው። ወደ አንኮበር ስንቃረብ ጉም ከገደሉ ሥር ተነስቶ ረጃጅም የጅብራ ተክሎቹን አንድ በአንድ ዋጣቸው። ፋጡማ ብርድ ልብሷን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ "ከዚህ ጉም በታች ነው የእኛ አገር። እዚያ ሰው በሸሚዝ ነው ያለው፣ እኔን ግን አላህ ከእናንተ ጋር አቆራኘኝ" ትለኛለች።

የመምህሩ እናት እትዬ ወርቄ በር ላይ ተቀበሉን። ሁለት ልጃገረዶች ወንደላጤ ልጃቸውን ፍለጋ ያን ያህል መንገድ ሲመጡ ምን እንዳሰቡ ፊታቸው ላይ ይነበባል። እኔን አዩኝ፣ ፋጡማን አዩዋት፣ "ለመሆኑ የትኛዋ ናት?" ብለው ልጃቸውን ጠየቁ። መምህሩ አንገታቸው ድረስ ቀሉ። ሴትየዋ መልስ ሳይጠብቁ ጭኮና እርጎ አቀረቡልን፤ ለእኔ ግን አልወርድልኝ አለ።

"መምህር፣ ደብዳቤውን ጽፈውታል?"

"ጽፌዋለሁ። በመንገድ ተጎዳ ብያለሁ። ስምሽን አላነሳሁም።"

"ለምን?"

"ምን ለምን አለው፣ ጥፋትሽን ልደብቅልሽ ብዬ ነዋ።"

"ጥፋቴን ከደበቁልኝ ግኝቴንም ደበቁብኝ" አልኳቸው።

እንዲህ ያለ ንግግር ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። "ግኝት መሆኑን በምን እናውቃለን? ያለን ጭረት ነው። የማተሚያ ጥፋትም ሊሆን ይችላል። ዋናው መስታወት እነሱ ጋ ስለሆነ እዚህ ቦታ እዩልን ብንል ያጣራሉ፤ ግን ባዶ ሆኖ ቢያገኙት ወረቀት እየላጠን ኮከብ አገኘን የምንል ሰዎች ሆንን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ፎቶ አይልኩልንም። ክፍሉም ይዘጋል።"

"የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ነው የመጣው። የተነሳበት ቦታ መጀመሪያው ፎቶ ላይ አለ። እሱን አልነካሁትም።"

ይህ እኮ የገዛ ትምህርታቸው ነበር። በድንጋጤያቸው ረስተውት ኖሮ ተነስተው ክላሰሩን አመጡ።

ጉሙ ተገፎ ስለነበር ደጅ መደቡ ላይ በፀሐይ ተቀመጥን። ፋጡማ ወረቀቱን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች፤ እኔ እመለከታለሁ። መምህሩ ከኋላዬ ቆመው፣ "እጅሽን ወደ ኋላ አድርጊ" አሉኝ። አደረግሁ። ሁለት ጊዜ አየሁ፣ ሦስት ጊዜ አየሁ፣ ምንም የለም። ፀሐይዋ ከመደቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች። ፋጡማ ክንዷ እየዛለ እጇን ትቀያይራለች፣ እኔ ግን ዓይኔን መንቀል ፈራሁ። ባዶ ከሆነ የመጨረሻው ቅዳሜ አልፏል ማለት ነው። ደግሞ ያን ሁሉ ያወራሁት አንደበት ምን ሊባል ነው?

ብርድ ልብስ ላይ ክፉው ጭጎጎት ትልቁ አይደለም፤ ከጥልፉ ጎን የሚሸሸገው ነው። ባዶ ባዶውን መፈለግ ትቼ ትልልቆቹን ከዋክብት ዳር ዳራቸውን ማየት ጀመርኩ። ከጭረቱ አንድ ጣት የማይሞላ ርቀት ላይ አንድ ወፍራም ጥቁር ኮከብ ነበር። መጀመሪያው ወረቀት ላይ ጎኑ ትንሽ ያበጠ ነው። ፋጡማ ሁለተኛውን ስታወርድ እብጠቱ የለም።

"እዚህ ጋ" አልኩ፤ እጄን ግን አላመጣሁም፤ በአገጬ ነው ያሳየሁት።

መምህሩ አጉሊ መነጽር ይዘው ጎንበስ አሉ። ሲቃኑ ፊታቸው ሌላ ሰው ሆኗል። "ከዚህ ተነስቶ እዚህ ደርሷል" አሉ። "አስካለ፣ የነቀልሽው እውነተኛ ነው።" ፋጡማ እልል አለች። እትዬ ወርቄ ከጓዳ ብቅ ብለው ወረቀቱንም እኛንም አዩና፣ "እኔ ምራት መጣችልኝ ስል ልጄ ኮከብ ቆጣሪ ሆኖ ቀረ?" አሉ።

የድሮው ደብዳቤ ተቀደደ። አዲሱን መምህሩ እዚያው መደቡ ላይ ጽፈው በአማርኛ አነበቡልን። አስካለ የተባለች የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነጥቡን አገኘች፣ ጉድፍ መስሏትም በወረንጦ ነቀለችው፣ ጭረቱ ያለበት ቦታ ነጥቡ የነበረበት ነው የሚል ነበር። ልኬቱንም ጨመሩበት። "እርግጠኛ ነሽ? ጥፋትሽም እዚህ ላይ በስምሽ ተጽፏል" ሲሉኝ አዎ አልኩ። ፈርቼ ግን ነበር፤ እንደ ጀግና ላወራው አልፈልግም።

ከዚያማ መጠበቅ ነው። ወሬው ፋብሪካ ደርሶ ስሜ ኮከብ ነቃይዋ ሆነ። ምሳ ቤት ስገባ፣ "ዛሬ ጨረቃዋን እንዳትነኪብን" የሚለኝ አይጠፋም ነበር። አዲስ ፎቶ አልመጣም። መምህሩ ግን ቅዳሜን አላስቀሩብንም፤ ስማችንን ጠርተው፣ በፎቶው ፋንታ አልጀብራ ያስተምሩን ጀመር። ፋጡማ አልጀብራን ስትሰማ፣ "ስሙ የእኛ ዓረብኛ ነው፣ ነገሩ ግን የሰይጣን ነው" አለች። በልግ አለፈ፣ ክረምት ገባ። በረዶ የከተማውን ቆርቆሮ ሲደበድብ በሰነበተበት በሐምሌ ሳምንት ከፕሮፌሰሩ የተላከ ጥቅል መጣ።

መምህሩ እየተረጎሙ አነበቡት። መጀመሪያውን ቃል ሲያነቡ ቆም አሉ፤ "ጓድ አስካለ" ይላል። ደብዳቤው የተጻፈው ለእሳቸው ሳይሆን ለእኔ ነበር። ፕሮፌሰሩ መስታወቱን አውጥተው አይተዋል፤ ነጥቡ በሁለቱም ቦታ አለ፤ አስትሮይድ ነው። ነገር ግን አዲስ አይደለም፤ እኔ ከመወለዴ በፊት ተገኝቶ ቁጥር የተሰጠው ነው። ቢሆንም የት እንዳለ በትክክል ማወቃቸው ለስሌታቸው ጠቅሟቸዋል። ጥፋቱን ከነስሙ የሚጽፍ ተመልካች ሥራው ይታመናል ይላል። ጥቅሉ ውስጥ አሥራ ሁለት አዲስ ጥንድ ፎቶ ነበር። ከላዩ ላይ የእኔ ስም የተጻፈበት ቀይ እርሳስ ታስሯል፤ "ሌላ ጊዜ በዚህ ክበቢው" የሚል ቁራጭ ወረቀትም አለው።

አዲስ አለመሆኑን ስሰማ ከፋኝ፤ አልዋሽም። ፋጡማ ግን ጎኔን ነካ አድርጋ፣ "ምን ያስከፋሻል? የሰው በግ ነው ያገኘሽው። በጉ የጠፋበት ሰው በጌ አዲስ ነው አሮጌ ነው ይላል እንዴ?" አለችኝ። ሳቅሁ። ክፍሉ መምህሩ ወደ ሌላ አገር እስኪዛወሩ ድረስ ሁለት ዓመት ቀጠለ። እኔም በዚያው አልጀብራ ጀምሬ በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፤ ጡረታ እስክወጣም የፍተሻ ክፍሉ ኃላፊ ነበርኩ። አዲስ ኮከብ ግን እኔም ፋጡማም አላገኘንም።

ማህሌት ይህን ሁሉ ሰምታ ሳቋን ከጨረሰች በኋላ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ነጥቧን እንደገና አየቻት። "ባይሆንም በስሜ ይሁን" አለችና ሪፖርቱን ላከችው። ያን ያህል መንገድ ለሄድኩበት ነገር አንዲት ጣት መጫን በቃ። ቅናት ቢጤ ተሰማኝ፤ ወዲያው ደግሞ ደስ አለኝ።

አሁን ሳምንት ሆኖታል። በየጧቱ ስልክ እደውልላትና ሰላምታ ሳላስጨርሳት መልሱ መጣ ወይ እላታለሁ። "እማማ፣ ወራት ይፈጃል አልኩሽ እኮ" ትለኛለች። ግድ የለም፣ እኔ ስድስት ወር ጠብቄ አውቃለሁ፣ አንቺ ትምህርትሽ ላይ በርቺ እላትና ስልኩን እዘጋለሁ። ማታ መልሼ እደውላለሁ።